መስቀለኛው መንገድ ላይ ማን ነበር?

ታሪኩን ሳትሰሙት አትቀሩም። ሚሲሲፒ ውስጥ የሚኖር አንድ ጥቁር ወጣት ጊታር ይወዳል፤ ግን አይሆንለትም። አንድ ሌሊት ጊታሩን አንጠልጥሎ ወደ መስቀለኛ መንገድ ይወጣል። እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ግዙፍ ሰው ከጨለማው ብቅ ይልና ጊታሩን ይቀበለዋል። አውታሮቹን ይቃኛል፣ አንድ ዜማ ይጫወታል፣ መልሶ ይሰጠዋል። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ልጁን የሚወዳደረው ጠፋ። ዋጋው ነፍሱ ነበረች፤ በ27 ዓመቱ ሰይጣን መጥቶ ዕዳውን ሰበሰበ።

የልጁ ስም ሮበርት ጆንሰን ነው። ብሉዝ ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ይህቺን ተረት ያውቃታል። ፊልም ተሠርቶባታል፣ ቲሸርት ታትሞባታል። ክላርክስዴል በምትባለው የሚሲሲፒ ከተማ፣ 61 እና 49 የሚባሉት አውራ ጎዳናዎች በሚገናኙበት ቦታ፣ ትልልቅ ሰማያዊ ጊታሮች የተሰቀሉበት ምልክት አለ። ቱሪስቱ ሥሩ ቆሞ ፎቶ ይነሳል።

እኔ ልጽፍ የፈለግኩት ስለ ሌላ ቦታ ነው። ከዚያ ምልክት ብዙ ወደ ደቡብ ርቃ ስላለች ትንሽ ከተማ የመቃብር ስፍራ፣ እዚያም ሌሊት ተቀምጦ ልጁን ጊታር ስላስተማረው ሰው። የዚህ ሰው ስም ቲሸርት ላይ የለም። (ዓመታቱን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ሁለት ሰዓት የማይሞላ ሙዚቃ

መጀመሪያ ስለ ሰውየው። ሮበርት ጆንሰን በ1911 ሄዝልኸርስት፣ ሚሲሲፒ እንደተወለደ ይታመናል። የጎለመሰው ዴልታ በሚሉት ለጥ ያለ የጥጥ አገር ነው። ባርነት በሕግ ከቀረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ የአብዛኛው ጥቁር ገበሬ ኑሮ እኛ አገር ጭሰኛ ከምንለው ብዙም አይርቅም ነበር። መሬቱ የባለ እርሻው፣ ጉልበቱ የእሱ። ዘሩንም ዱቄቱንም በዱቤ ይወስዳል፤ መዝገቡን የሚይዘው ባለ እርሻው ስለሆነ ዓመቱ ሲዘጋ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ዕዳ ነው። ከዚህ ኑሮ መውጫ ከነበሩት ጥቂት በሮች አንዱ ጊታር ነው። ቅዳሜ ማታ በአንድ ጭፈራ ቤት ጥግ ተቀምጦ ሰው የሚያስጨፍር ሰው፣ ቢያንስ ለዚያች ሌሊት፣ ጥጥ ለቃሚ አይደለም።

ጆንሰን በሕይወቱ ድምፁን የቀዳው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በኖቬምበር 1936 ሳን አንቶኒዮ በሚገኘው ጉንተር ሆቴል፣ በጁን 1937 ደግሞ ዳላስ። ከሁለቱ የተረፈን 29 ዘፈን ነው። ሁሉም ተደማምሮ ሁለት ሰዓት አይሞላም። በኦገስት 1938 ግሪንዉድ የምትባል ከተማ አጠገብ ሞተ። የሚስቱ ነገር ያንገበገበው አንድ ሰው በመጠጥ መርዝ እንደሰጠው ይወራል፤ በሞት የምስክር ወረቀቱ ላይ፣ የሞቱ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ፣ የሰፈረው ግን ሐኪም አልነበረም የሚል ብቻ ነው።

እነዚያን 29 ዘፈኖች በጥሩ ማዳመጫ ስሟቸው። የሮሊንግ ስቶንስ ጊታር ተጫዋች ኪት ሪቻርድስ መጀመሪያ ሲሰማ፣ አብሮት የሚጫወተው ሌላኛው ሰው ማን ነው ብሎ ጠይቆ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ሌላ ሰው የለም። አንድ ሰው፣ አንድ ጊታር ነው። እኔም «ስዊት ሆም ቺካጎ»ን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሼ ቁጭ ብዬ አዳምጬዋለሁ። ዝግ ሲል ነገሩ ይገለጣል። አውራ ጣቱ በወፍራሞቹ አውታሮች ላይ የማያቋርጥ የእግር ጉዞ ይመስል ባሱን ይመታል። ይህ ምት ለጊታር የተፈጠረ አይደለም፤ በዘመኑ የፒያኖ ተጫዋቾች ግራ እጃቸው የሚሠራው ሥራ ነው። ሌሎቹ ጣቶች ደግሞ ከላይ ለድምፁ መልስ ይሰጣሉ። ፒያኖውን ስድስት አውታር ላይ ገልብጦታል ማለት ነው። ይህን ያደረገ ሰው ብዙ አድምጧል፣ ብዙ ፈትቶ ገጣጥሟል። ዝግ ብሎ ሲሰማ ከመብረቅ ይልቅ ሥራ ነው የሚሸተው።

ግጥሙም እንደዚያው ነው። በዕድሜው ከቀዳቸው ሁሉ ደህና የተሸጠለት «ቴራፕሌን ብሉዝ» ነው። ቴራፕሌን የዘመኑ መኪና ነው። ዘፈኑን ስትሰሙት መኪናዬ ተበላሸች፣ ማን ነው የነዳብኝ፣ ጥሩምባዋ አልጮህ አለ እያለ የሚነጫነጭ ሰው ነው። ሰም እና ወርቅ ያደገበት ጆሮ ግን ለመጠርጠር ሁለት ስንኝ አይፈጅበትም፤ ሰሙ መኪና፣ ወርቁ ሴት።

ተረቷ ከየት መጣች?

አሁን ወደ ሰይጣኑ። የሚገርመው ነገር፣ ታሪኩ መጀመሪያ የተነገረው ስለ ሮበርት ጆንሰን አይደለም። ቶሚ ጆንሰን የሚባል ሌላ የሚሲሲፒ ብሉዝ ተጫዋች ነበር፤ ዝምድና የላቸውም፣ ስማቸው ነው የተገጣጠመው። በ1960ዎቹ ዴቪድ ኢቫንስ የሚባል ተመራማሪ የቶሚን ወንድም ሌዴል ጆንሰንን ሲያነጋግር፣ ሌዴል ወንድሙ ጊታር የተማረው በእኩለ ሌሊት መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ መሆኑን እንደነገረው አወጋው። ግዙፉ ሰው፣ የተቃኘው ጊታር፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ።

ስለ ሮበርትም ነፍሱን ሸጠ የሚል ወሬ በዚያው በ1960ዎቹ በጽሑፍ ወጥቶ ነበር። መስቀለኛው መንገድ ግን የቶሚ ነው። ሮበርት በበኩሉ «ክሮስ ሮድ ብሉዝ» የሚል ዘፈን አለው፤ በዚያ ላይ በወጣትነቱ ተቀጭቷል፣ ፎቶዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ስለ ሕይወቱም ብዙ አይታወቅም ነበር። ባዶ ቦታ ደግሞ ተረት ይጠራል። ሁለቱ ጆንሰኖች በሰው አፍ አንድ ሆኑ፣ በ1986 «ክሮስሮድስ» የተባለው ፊልም ሲወጣ ነገሩ ጸደቀ።

ቆይ፣ ዘፈኑን ራሱን እንስማው። «ክሮስ ሮድ ብሉዝ» ውስጥ ሰይጣን የለም። ያለው መስቀለኛ መንገድ ላይ ተንበርክኮ ፈጣሪን ማረኝ የሚል ሰው ነው። መኪና ለማስቆም እጁን ያወጣል፣ የሚያቆምለት የለም። ፀሐይ እየጠለቀች ነው። በዚያ ዘመን በሚሲሲፒ ገጠር አንድ ጥቁር ሰው ማንም በማያውቀው መንገድ ላይ ብቻውን ሲመሽበት የሚፈራው ነገር ጭራና ቀንድ ያለው አልነበረም። በደቡቡ ጥቁሮችን በመንጋ ፍርድ መግደል የተለመደ ነበር። ዘፈኑን እንዲህ ስትሰሙት ይከብዳል፤ እኔ ግን ከተረቱ ይልቅ ይኼኛው ነው የሚያስፈራኝ።

ሐቁን ለመናገር፣ ጆንሰን ሌሎች ዘፈኖቹ ላይ ሰይጣንን ይጠራል። «ሚ ኤንድ ዘ ዴቭል ብሉዝ» ከርዕሱ ጀምሮ እሱው ነው። ይህ ግን የእሱ ብቻ ጸባይ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ ብሉዝን የሰይጣን ሙዚቃ ይለው ነበር፤ ዘፋኞቹም ስድቡን ተቀብለው ማስታወቂያ አደረጉት። ፒቲ ዊትስትሮ የተባለው በዘመኑ የታወቀ ዘፋኝ ሸክላዎቹ ላይ የሰይጣን አማች ነኝ ብሎ ያጽፍ ነበር። ንግድ ነው በቃ።

የቦሪጋርድ መቃብር

የጆንሰንን መለወጥ በዓይኑ ያየው ሰን ሃውስ ነው። ሰን ሃውስ ሰባኪ የነበረ፣ ጊታር የጀመረው 25 ዓመቱ ገደማ ላይ፣ ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ዴልታውን ያናወጠ ሰው ነው። በ1930 ገደማ እሱና ጓደኛው ዊሊ ብራውን ሮቢንሰንቪል አካባቢ ባሉ ጭፈራ ቤቶች ይጫወቱ ነበር። ሮበርት የሚባል አንድ ልጅ እግራቸው ሥር አይጠፋም። ሃርሞኒካ ይችላል። እነሱ ለዕረፍት ሲወጡ ግን ጊታራቸውን አንስቶ ይነካካል፤ ጭፈራ ቤቱ ይበሳጫል፣ ያን ልጅ አንድ በሉልን ይላል። ሃውስ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለጠያቂዎቹ ይህን ሲያወራ እየሳቀ ነው።

ከዚያ ልጁ ጠፋ። ሲመለስ ጀርባው ላይ ጊታር አዝሏል። ሃውስ እያሾፈ ወንበሩን ለቀቀለት። ተጫውቶ ሲጨርስ የሁሉም አፍ ተከፍቶ ቀረ። ሃውስ በትዝታው የጠፋበትን ጊዜ ጥቂት ወራት ያደርገዋል፤ የጆንሰንን ሕይወት ያጠኑት ግን ከዓመት በላይ እንደሆነ ይገምታሉ። ሰይጣኑ የገባው በዚህች ክፍተት ነው።

በክፍተቷ ውስጥ ምን ነበር? መጀመሪያ ሐዘን። በ1930 የጸደይ ወራት ወጣት ሚስቱ ቨርጂኒያ በወሊድ ሞተች፤ ልጁም አልተረፈም። ሮበርት ገና 18 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወደ ተወለደበት አካባቢ፣ ወደ ሄዝልኸርስት ወረደ፤ የወለደውን አባቱን ፍለጋ ነው ይባላል። አባቱን ስለማግኘቱ ማስረጃ የለም። ያገኘው አይክ ዚመርማንን ነው።

አይክ ዚመርማን ሄዝልኸርስት አቅራቢያ ቦሪጋርድ በምትባል መንደር የሚኖር ባለትዳርና የልጆች አባት ነው። ጊታር ይጫወታል፣ ለሚፈልግም ያስተምራል። ቤተሰቦቹ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለተመራማሪው ብሩስ ኮንፎርዝ እንደነገሩት፣ ሮበርት እቤታቸው ገብቶ እንደ ቤተሰብ ኖሯል። ማታ ማታ መምህርና ተማሪ ጊታራቸውን ይዘው አጠገባቸው ወዳለው መቃብር ይሻገራሉ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይለማመዳሉ።

ለምን መቃብር? ቤት ውስጥ የሚተኛ ልጅ አለ። ጀማሪ ጊታር ተጫዋች ያለበት ቤት የኖረ ሰው ደግሞ ምን ለማለት እንደፈለግኩ ይገባዋል፤ ያንኑ ሦስት ኮርድ ለመቶኛ ጊዜ ሲሳሳት መስማት ትዕግሥት ይፈትናል። መቃብር ውስጥ የሚቆጣ ጎረቤት የለም። በእርግጥ ለመንደርተኛው ሌሊት ከመቃብር የሚመጣ የጊታር ድምፅ ሌላ ነገር ነው የሚመስለው፤ ስለ ዚመርማን ራሱም ጊታር የተማረው መቃብር ላይ ነው የሚል ወሬ ነበር። ለእኛ አገር የቆሎ ተማሪ ግን ይህ ሁሉ አዲስ አይሆንበትም ነበር። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ከመቃብሩ ጎን፣ በሌሊት ቀለም ማጥናት የትምህርቱ ወግ ነው። የኔታ ይቀጽላሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይላል።

ዚመርማን አንድም ዘፈን ሳይቀዳ ሞተ። እንዴት ይጫወት እንደነበር የምናውቀው በተማሪው ጣቶች ብቻ ነው፤ ከዚያ ውስጥም የትኛው የእሱ፣ የትኛው የሮበርት እንደሆነ ለይቶ የሚነግረን የለም።

የአብሾ ነገር

ታዲያ ተረቷ ምን ጎዳች? ጥሩ ተረት አይደለችም እንዴ? ናት። ግን አንድ ነገር ትሰርቃለች።

እኛ ጋም ወንድሟ አለች። አንድ የቅኔ ተማሪ ከባልደረቦቹ ልቆ ያየውን ሁሉ በቃሉ ሲይዝ፣ አብሾ ጠጥቷል ይባላል። ዕፁን የጠጣ የሰማው አይጠፋውም፣ አንዳንዱ ደግሞ ያብዳል። ይህን የሚለው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አድንቆ ነው። ግን ልብ በሉ፣ በዚህ አድናቆት ውስጥ በብርድ ደበሎ ለብሶ ያነጋባቸው ሌሊቶች የሉም። ለምኖ የበላው ቁራሽ የለም። ሲሳሳት ያቀኑት የኔታ የሉም። የሰባት ዓመት ልፋት በአንድ ጽዋ ተተካ።

ስለ ጆንሰን ሲሆን ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመርበታል። በ1961 ኮሎምቢያ የዘፈኖቹን ስብስብ በአልበም ሲያወጣ፣ ከአድማጮቹ ብዙዎቹ ነጭ ወጣቶች ነበሩ። ከጥጥ እርሻ የወጣ፣ ምስጢራዊ፣ የተረገመ ጥቁር ሰው የሚለው ምስል ጣማቸው። ጥቁር ሰው ቁጭ ብሎ አስቦ፣ የፒያኖን ምት አጥንቶ፣ አውታር ላይ አስልቶ አስቀመጠው ከማለት፣ ከሰይጣን ተቀበለው ማለት ቀለለ። ተረቷን ያመጧት ጥቁሮቹ ራሳቸው ናቸው፤ ሌዴል ጆንሰንም ስለ ወንድሙ ሲያወራ ነው። ወደ ምርትነት የቀየራት ግን ገበያው ነው።

ሙያዬ ሶፍትዌር ነው፤ ይህቺ ተረት በየቢሮው አለች። እከሌ ተሰጥኦ ነው፣ ሲወለድ ጀምሮ ኮድ ነው ይሉታል። ዩኒቨርሲቲ አብረውኝ ከጀመሩት ውስጥ ጥሩ ጭንቅላት ኖሯቸው፣ እኔ አልተፈጠርኩበትም ብለው ያቆሙ አሉ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆመው የሚመጣ ሰው አጡ። ከቀጠልነው ብዙዎቻችን ጋ ግን አንድ አይክ ነበር። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ እየተቀመጠ፣ የጻፍኩትን መስመር በመስመር እያነበበ ይቺ ለምን እዚህ ገባች የሚለኝ ሰው ነበረኝ። ዛሬ ስሙ በየትኛውም ፕሮግራም ላይ የለም። እኔ ግን ተግባር ስከፋፍል፣ ስም ስሰጥ፣ እጄ ላይ አለ።

ሰንሰለቱ

ብሉዝን እንደ መብረቅ ሳይሆን እንደ ጉባኤ ቤት ስታዩት ታሪኩ በሙሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ማን ከማን ተማረ?

ከሃውስ በፊት ቻርሊ ፓተን አለ። ዶከሪ በተባለው ትልቅ የጥጥ እርሻ ዙሪያ ያደገ፣ ጊታሩን ከራሱ ጀርባና በጉልበቶቹ መሃል እያደረገ ሰው የሚያስደንቅ። ሃውሊን ዉልፍ፣ ያ ጎርናና ድምፅ፣ ጊታር ያስተማረኝ ፓተን ነው ይላል። በ1930 ፓተን፣ ሃውስና ብራውን አንድ ላይ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዊስኮንሲን ተጉዘው ለፓራማውንት ሸክላ ቀዱ። ፓራማውንት የማን እንደነበር ታውቃላችሁ? የወንበር ፋብሪካ። ፋብሪካው የሸክላ ማጫወቻ ሣጥን ይሠራ ነበር፤ ሣጥኑ እንዲሸጥ ሸክላ ያስፈልጋል። ዛሬ እንደ ቅርስ የምናያቸው ቅጂዎች የቤት ዕቃ ማሻሻጫ ነበሩ።

ከሃውስ ሥር ደግሞ ማዲ ዋተርስ አለ። በ1941 አላን ሎማክስ እና ጆን ወርክ የመቅጃ መሣሪያ ይዘው ክላርክስዴል አጠገብ ወዳለው ስቶቫል እርሻ ሄዱ፤ ትራክተር ነጂውን ማዲን ጎጆው ውስጥ ቀዱት። ጊታር ከማን ተማርክ ሲባል የሰን ሃውስን ስም ጠራ፤ የሮበርት ጆንሰንንም ሸክላ እንደሚያውቅ ተናገረ። በ1943 ባቡር ተሳፍሮ ቺካጎ ገባ። ብቻውን አይደለም፤ ከ1910 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁሮች ደቡቡን ለቀው ወጥተዋል። የቺካጎ መጠጥ ቤት ጫጫታ ውስጥ የእንጨት ጊታር አይሰማም፤ ስለዚህ ኤሌክትሪክ ገባበት። በ1948 የወጣውን «አይ ካንት ቢ ሳቲስፋይድ» ስሙት። ስላይዱ፣ ማለትም ጣት ላይ ተሰክቶ አውታሩ ላይ የሚንሸራተተው ቱቦ፣ ሰን ሃውስ ነው። ድምፁ ግን ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ድምፅ ነው።

ጆንሰንም በተራው አስተምሯል። ሄለና፣ አርካንሳስ ከአንዲት ሴት ጋር ይኖር ነበር፤ የሴትየዋ ልጅ ሮበርት ሎክዉድ ከእሱ በጥቂት ዓመት ብቻ ያንሳል። ጆንሰን ለማንም አላሳይም የሚለውን ለእሱ አሳየው። ሎክዉድ ከ1941 ጀምሮ በሄለና ሬዲዮ ይጫወት ነበር፤ እስከ 2006 ኖሮ 91 ዓመቱ ላይ ሞተ። ሰይጣን ለእሱ ዕዳ ሊሰበስብ አልመጣም።

ሬዲዮውን ሲያዳምጡ ካደጉት አንዱ ቢ.ቢ. ኪንግ ነው። እሱ ደግሞ በ1946 ወደ ሜምፊስ ሄዶ ጊታር ተጫዋች ዘመዱ ቡካ ዋይት ቤት ተጠጋ። ቡካ የስላይድ ሰው ነው። ቢ.ቢ. ስላይዱን ሞከረው፣ ጣቱ እምቢ አለው። ያንን የሚያለቅስ ድምፅ ግን ስለፈለገው፣ በባዶ ጣቱ አውታሩን ተጭኖ ማርገብገብ ጀመረ። ዛሬ «ዘ ትሪል ኢዝ ጎን»ን ስትሰሙ አንዷ ድምፅ ተንቀጥቅጣ ስትዘልቅ ቢ.ቢ. መሆኑን የምታውቁባት ያቺ ርግብግቢት፣ የዘመዱን ስላይድ በጣት ለመምሰል ከመሞከር የመጣች ናት።

ብቻውን የተማረ የለም ማለቴ አይደለም። ኤሊዛቤት ኮተን ግራኝ ነበረች፤ ለቀኝ እጅ የተቃኘውን ጊታር ገልብጣ ይዛ፣ ባሱን በጣቶቿ፣ ዜማውን በአውራ ጣቷ መምታት ራሷ ፈጠረች። እሷንም ግን ሰይጣን አላገዛትም። ሰዓት ነው ያገዛት።

ተማሪው መምህሩን ሲያስተምር

ከዚህ ሁሉ በጣም የምወደው ታሪክ ይኼኛው ነው።

በዲሴምበር 1938 ጆን ሃመንድ የተባለ አዘጋጅ ካርኔጊ ሆል ውስጥ የጥቁሮችን ሙዚቃ የሚያሳይ ትልቅ ዝግጅት ሲያሰናዳ ሮበርት ጆንሰንን አስፈለገ። ሞቷል ተባለ። ሃመንድ መድረክ ላይ የሸክላ ማጫወቻ አስቀምጦ ሁለት ዘፈኖቹን ለሕዝቡ አሰማ። ሁለቱም፣ «ዎኪን ብሉዝ» እና «ፕሪቺን ብሉዝ»፣ መሠረታቸው የሰን ሃውስ ነው። የኒው ዮርክ ሕዝብ በሟች ተማሪ ድምፅ በሕይወት ያለ መምህር ሲሰማ አመሸ። መምህሩ ያን ጊዜ ሚሲሲፒ ነበር።

ሃውስ በኋላ ሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ ገብቶ በባቡር ድርጅት ተቀጠረ፤ ጊታሩን ተወው። በ1964 ሦስት ወጣት የብሉዝ ወዳጆች ሚሲሲፒን አስሰው፣ በመጨረሻ እዚያው ሰሜን ውስጥ አገኙት። 62 ዓመቱ ነው። ጊታር የለውም። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የገዛ ዘፈኖቹን ረስቷል።

አል ዊልሰን የሚባል ከቦስተን አካባቢ የመጣ፣ ገና ሃያዎቹን የጀመረ ነጭ ወጣት፣ የሃውስን የ1930 እና የ1940ዎቹ ቅጂዎች አንድ በአንድ አጥንቶ ነበር። ከሃውስ ፊት ለፊት ተቀመጠ። በ1930 እንዲህ ነበር የተጫወቱት፣ በኋላ ደግሞ እንዲህ አድርገውታል እያለ እየተጫወተ አሳየው። የሃውስ ጣቶች ቀስ እያሉ ተመለሱ። በ1965 ኮሎምቢያ አዲስ አልበም ቀዳው። አዘጋጁ ጆን ሃመንድ ነበር፤ ያው ሃመንድ። እዚያ አልበም ላይ ያለውን «ዴዝ ሌተር»ን ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ እሱን ውሰዱ። አንድ ሽማግሌ፣ አንድ የብረት ገላ ያለው ጊታር። የሚወዳት መሞቷን የሚናገር ደብዳቤ ደረሰው፤ ከዚያ ሻንጣውን አንስቶ መሄድ አለበት። እጁ አውታሩን አይነካውም፣ ይገርፈዋል።

ይህ ዘፈን አለን ያልነው ሁለት ወጣቶች ስለተቀመጡለት ነው። አንደኛው በ1930 ጭፈራ ቤት ውስጥ እግሩ ሥር ተቀምጦ፣ ከመምህሩ የወሰደውን ካርኔጊ ሆል ያደረሰው ሮበርት ነው። ሌላኛው በ1964 ፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ የወሰደውን የመለሰለት አል ነው።

ዛሬ ማታ ልታዳምጡ ካሰባችሁ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩት፦ የፓተን «ፖኒ ብሉዝ»፣ የጆንሰን «ክሮስ ሮድ ብሉዝ»፣ የማዲ «አይ ካንት ቢ ሳቲስፋይድ»፣ የቢ.ቢ. «ዘ ትሪል ኢዝ ጎን»፣ በመጨረሻ የሃውስ «ዴዝ ሌተር»። ዜማው አምስት ድምፅ ላይ ሲመላለስ፣ አንዳንዶቻችሁ ይቺ ትዝታ አይደለችም እንዴ ትሉ ይሆናል። ዝምድና የለንም፤ ጆሯችን ግን እንግዳ አይሆንም። የአይክ ዚመርማንን ዘፈን አትፈልጉ፣ አታገኙትም። «ክሮስ ሮድ ብሉዝ» ላይ ስትደርሱ ግን የጆንሰንን አውራ ጣት ተከተሉ። ያ ጣት ቦሪጋርድ መቃብር ውስጥ፣ አንድ የልጆች አባት ነገ ሥራ እያለበት እንደገና በል ሲለው፣ እንደገና ብሏል።